ትልልቅ በረሮ ከየት ነው የሚመጣብን? (ማራኪ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጎንደር ማራኪ ነው፤ ሁለት ክፍል ቤት ከነጓዳው ተከራይተን፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና የ4 ዓመት ልጃችን። ከጥር ጀምሮ ቤታችንን ትልልቅ በረሮ ወሮታል። ትንንሾቹን ድሮም አውቃቸዋለሁ፤ ከቁም ሳጥን ጀርባ አንድ ሁለት ይታያሉ። እነዚህ ግን አውራ ጣቴን ያህላሉ፤ ቀላ ያለ ቡናማ ናቸው፤ ሞቅ ባለ ቀን ክንፋቸውን ዘርግተው ከግድግዳ ግድግዳ ይበራሉ። ሌሊት ተነሥቼ መብራት ሳበራ ከጓዳው ወለል ላይ ወደየስንጥቁ ይበተናሉ።

ፍሊት ሦስት ጊዜ ነፍተናል። ሁለት ቀን ይጠፉና በሦስተኛው ሌሊት ይመለሳሉ። ልጄ አስም አለበት፤ ፍሊት በተነፋ ቁጥር ሲያስለው ያድራል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እናቴ ለእንጀራ ያቦካችውን ሊጥ ልትጋግር ስትከፍት አንዱን ቡሃቃው ውስጥ አገኘችው። ሊጡን እንዳለ ደፋችው፤ ያን ቀን እህል ሳትቀምስ ዋለች። ቤታችን ቆሻሻ አይደለም። በቀን ሁለቴ ይጠረጋል፤ የተረፈ ምግብ ሳይከደን አያድርም። ታዲያ ከየት ነው የሚመጡት? ፍሊት ሳንነፋስ እንዴት እናጥፋቸው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ከላይ ያለውን ጥያቄ እዚህ መድረክ ላይ የጻፍኩት መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። እስከ ዛሬ 31 መልስ መጥቷል። ውይይቱ ረዝሟል፤ መሐሉ ላይ ጠብ አለበት፤ አንዱ ምክር ደግሞ ሰው የሚገድል ነው። አዲስ የሚመጣ ሰው ያንን ብቻ አንብቦ እንዳይሄድ ፈራሁ። ስለዚህ መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ፣ በራሴ አነጋገር፣ ምን እንደተባለና እኛ ቤት የቱ እንደሠራ እነግራችኋለሁ።

መልስ 1 አጭር ነበር። በረሮ የሚገባው ንጽሕና የጎደለው ቤት እንደሆነ፣ መድኃኒቱም መጥረጊያና በረኪና ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ለእናቴ አላነበብኩላትም።

መልስ 2ን የጻፉት የባዮሎጂ መምህር ናቸው። በትሕትና ጀመሩ፤ የሞተ አንዱን ለክቼ ርዝመቱን እንድነግራቸው፣ ከራሱ ጀርባ ያለውን ጋሻ መሰል ቅርፊትም እንዳይላቸው ጠየቁኝ። በልጄ ማስመሪያ ስለካው 4 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ ጋሻው ዙሪያውን ቢጫ ጠርዝ አለው። መምህሩ ወዲያው ለዩት፤ የአሜሪካ በረሮ የሚባለው ነው። ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ የትውልድ ቦታው አፍሪካ ነው፤ ወደ አሜሪካ የተሻገረው በመርከብ ነው። ምግብ ያለበትን ጥግ ይዞ ቤት ውስጥ የሚራባው ትንሹ፣ የጀርመን በረሮ የሚባለው ነው፤ እሱ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ከራሱ ጀርባ ሁለት ጥቁር መስመር አለው። የትልቁ መኖሪያ ሌላ ነው፦ የፍሳሽ ቧንቧ፣ ማንሆል፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ጨለማ፣ ሙቀትና እርጥበት የተገናኙበት ቦታ ሁሉ። ወደ እኛ የሚወጣው ምግብና ውኃ ፍለጋ ነው። እናም መምህሩ የመልስ 1ን ፍርድ እንዳልተቀበሉት በጨዋ ቃል ገለጹ፤ የቱንም ያህል የጠራ ቤት ቢሆን ከታች የተከፈተ ቀዳዳ ካለው ይገቡበታል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ጥያቄዬ የተለወጠው። እስከዚያ ድረስ በምን እንደምገድላቸው ብቻ ነበር የማስበው።

መልስ 3 ማላታይን ገዝቼ በውኃ በጥብጬ ግድግዳውን ሁሉ እንድረጭ መከረኝ። ለሰብል የሚረጭ መርዝ ልጅ በሚተኛበት ክፍል! ወደዚህ ዓይነቱ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

መልስ 4 ቁስቋም አካባቢ የሚኖሩ እናት ናቸው፤ በልጃቸው እጅ አስጽፈው ነው የላኩት። እርሳቸው የሚያውቁት ጥንጁት ነው። ጋን ሲያጥኑ፣ ቤት ሲያጥኑ የኖሩበት፣ ተባይ የሚያርቅ ጭስ። ማታ ማታ ጓዳው ቢታጠን በረሮው ቤቱን ለቅቆ እንደሚሄድ ነገሩኝ፤ ልጄንም እግዜር ይማርልሽ ብለው መረቁልኝ። መልስ 5 ተነሥቶ ይህ የድሮ ሰው ወሬ እንደሆነ፣ አስም ላለበት ልጅ ጭስ መምከር ወንጀል እንደሆነ በሻካራ ቃል ጻፈ። መልስ 6 ደግሞ መልስ 5ን ገሠጸው፤ ጭሱ ለልጁ እንደማይሆን እሱም ያምናል፣ ግን ትልቅ ሰው እንዲህ አይመለስም። እኔም ከመልስ 6 ጋር ነኝ። ጭስ ለልጄ አይሆነውም፤ ጥንጁት ተባይ ማራቁም እውነት ነው፤ ማራቅ ግን መግደል አይደለም። ዛሬ ከጓዳ ያራቅነው ኮርኒስ ላይ ይወጣል፣ ወይም ከጎረቤት ያድራል። ለእማማም ይህንኑ ጻፍኩላቸው፤ በመልስ 11 ተመልሰው ልጁ የማይችለው ከሆነ ይቅር አሉ፤ ለጠላው ጋን ግን ጥንጁትን የሚተካ እንደሌለ አጸኑ። በዚህ የሚከራከራቸው አልተገኘም።

መልስ 7 ላይ ጊዜ ወስጄ ልጻፍ፤ ቤታችንን ያዳነው እሱ ነውና። ጎንደር ውስጥ ለ20 ዓመት የቧንቧ ሥራ የሠራ ሰው ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ በረሮ አልነበረም፤ በቤቱ ውስጥ ስንት የወለል ፍሳሽ ቀዳዳ እንዳለ፣ ከእነዚያ ውስጥ በየቀኑ ውኃ የሚፈስበት የትኛው እንደሆነ ነው። ሦስት ናቸው። አንዱ ሻወር ቤት፣ አንዱ ጓዳ፣ አንዱ ደግሞ ከጓዳው ጀርባ ባለችው ጠባብ ኮሪደር ላይ፤ ድሮ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይቆምበት የነበረ። ልብስ የምናጥበው ግቢ ላይ ስለሆነ በሦስተኛው ውኃ ካፈሰስን ወራት አልፎናል።

ከዚያ አስረዳኝ። እያንዳንዱ የፍሳሽ ቀዳዳ ከሥሩ ሲፎን የሚሉት የታጠፈ ቧንቧ ሊኖረው ይገባል። በእጥፋቱ ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውኃ ሁልጊዜ ይቀራል፤ ሽታውንም ነፍሳቱንም የሚያግደው ያ ውኃ ነው። ቀዳዳው ሳይሠራበት ሲቆይ ውኃው ይተንናል፤ የጎንደር በጋ ደረቅ ነው፣ መጋቢት ላይማ ቶሎ ነው የሚያልቀው። ውኃው በፈረቃ ሲመጣና ሰው በጀሪካን ቆጥቦ ሲታጠብ በየቤቱ ያሉት ሲፎኖች ይደርቃሉ፤ በዚያው በር በረሮው ከጉድጓዱ ተነሥቶ በእግሩ ይወጣል። ደግሞ አንዳንድ ግንበኛ ሲፎኑን ጨርሶ ሳያስገባ ቧንቧውን ቀጥ አድርጎ ከሴፕቲክ ታንክ ጋር ያገናኘዋል። እንዲህ ያለው ቤት ውኃ ቢፈስበትም ባይፈስበትም ክፍት ነው።

ማወቂያውንም ሰጠኝ። ማታ ከመተኛቴ በፊት በየቀዳዳው ላይ ጎድጓዳ የመስታወት ሳህን ደፍቼ፣ ጠዋት የቱ ሥር በረሮ እንዳለ እንዳይ። አደረግኩት። ሻወር ቤቱ ባዶ ነበር፤ የጓዳውም ባዶ። በኮሪደሩ ሳህን ሥር አምስት ነበሩ። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ከየት እንደሚመጡብን ስታየው ፊቷ ላይ የነበረው ሐፍረት ተነሣላት፤ ጥፋቱ የእሷ ጓዳ እንዳልሆነ ገባት።

ቀጥሎ የባትሪ መብራት ይዤ ቀዳዳው ውስጥ አየሁ፤ ውኃ የለም። አንድ ባልዲ ደፋሁበት፤ አሁን ውኃው ሥሩ ላይ ቆሞ ሲያብለጨልጭ ይታያል፣ ማለትም ሲፎን አለው፣ ደርቆ ነው እንጂ። ውኃው እንደገና ቶሎ እንዳይተን በላዩ ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት እንዳፈስበት ነገረኝ፤ ዘይቱ ተንሳፍፎ ውኃውን ይከድነዋል። በየ15 ቀኑ ደግሞ አንድ ጆግ ውኃ መጨመር ነው። ለዚህ ንጹሕ ውኃ አያስፈልግም፤ አትክልት የታጠበበት ይበቃል። ሽፋኑን አንሥቶ ከሥሩ ቀጭን የወባ መከላከያ ወንፊት ሽቦ ማድረግ፣ ቧንቧው ግድግዳውን በሚበሳበት ዙሪያ ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ መድፈን፣ የሴፕቲክ ታንኩን ክዳን ስንጥቅ መምረግ፣ የመተንፈሻ ቧንቧውንም ጫፍ በሽቦ ማሰር። ይህ ሁሉ ለመርዝ ካወጣነው ገንዘብ ያነሰ ነው የፈጀብን።

መልስ 8 ፒያሳ ካሉት የጣሊያን ጊዜ ቤቶች በአንዱ የሚኖር ሰው ነው፤ እሱ ቤት በረሮው የሚወጣው ከጥንቱ ቧንቧ እንደሆነ፣ የመልስ 7ን የሳህን ዘዴ ሞክሮ በአንድ ሌሊት ከእኛ የበለጠ እንደያዘ ጻፈ። ከዚያ ነገሩ ሸሸ። መልስ 9 ጣሊያኖቹ በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ጎንደር ላይ ተሸንፈው እስኪወጡ ድረስ የሠሩት ሁሉ ጠንካራ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሠራተኛ እንዳበላሸው ተናገረ፤ መልስ 10 ደግሞ ተቆጥቶ የጎንደርን ግንብ የሠራው ማን እንደሆነ አስታወሰው። ከግንቡ ወደ አንገረብ ግድብ፣ ከአንገረብ ደለል ወደ መገጭ ግድብ ሄዱ። የውኃው ጉዳይ ከበረሮው ጋር መያያዙ እውነት ነው፤ ሲፎኑን የሚያደርቀው የውኃ እጦት ነውና። ግን የሁለቱ ክርክር ከዚያ አልፎ ስለነበር አወያዩ ወደ ርእሱ እንዲመለሱ ጠየቃቸው።

መልስ 12 ቦሪክ አሲድን አነሣ። ከፋርማሲ የሚገዛ ነጭ ዱቄት ነው፤ በረሮው ሲረግጠው በእግሩና በአንቴናው ላይ ይጣበቃል፣ ራሱን ሲያጸዳ ይውጠዋል፣ ከቀናት በኋላ ይሞታል። አይሸትም፣ አይተንም፣ ደረቅ ከሆነ ለወራት ይሠራል። ሰው የሚሳሳተው አቀማመጡ ላይ ነው፤ እንደ ጨው ከተከመረ በረሮው ዞሮት ያልፋል፤ መነፋት ያለበት ለዓይን እስኪያስቸግር ድረስ ስስ ሆኖ፣ ከፍሪጅ ጀርባ፣ ከምድጃ ሥር፣ ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ነው። እስከዚህ ጥሩ ምክር ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ለሰው ከገበታ ጨው የማይለይ እንደሆነ ጨመረበት።

እዚያ ላይ መልስ 13 ገባች፤ ነርስ ናት። ቦሪክ አሲድ ሕፃን ቢውጠው እንደሚመርዝ፣ በስኳር ከተለወሰማ ልጅ አንሥቶ ሊልሰው እንደሚችል አስረዳች። እጁ በማይደርስበት ስንጥቅ ብቻ፣ ያለ ስኳር፣ ከዕቃ ማስቀመጫና ከሊጥ ርቆ። ስለ ልጄም ያልጠየቅኳትን ነገረችኝ። አስሙን የሚቀሰቅሰው ፍሊቱ ብቻ አይደለም። የበረሮ ኩስ፣ ምራቅና የሚገፈው ቅርፊት ደርቆ ከአቧራ ጋር ይተነፈሳል፤ በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከተሞች የተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ለበረሮ አለርጂ ሆነው በረሮ በበዛበት ቤት የሚኖሩ የአስም ሕፃናት ሆስፒታል አብዝተው እንደሚገቡ አሳይቷል። ስለዚህ የሞቱትን በደረቅ መጥረጊያ ማቡነን ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት። ሌላም ጨመረች፦ እዚሁ ጎንደር ከተማ ከተሰበሰቡ በረሮዎች ላይ ተመራማሪዎች ብዙ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች እንዳገኙ በ2016 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። እናቴ ሊጡን በመድፋቷ ስንት ጊዜ አባክነሻል እንዳልኳት ትዝ አለኝና አዘንኩ። ልክ ነበረች።

መልስ 14 ጄል ነው የመከረው፤ በሲሪንጅ የሚገባ፣ እንደ ምስር ፍሬ ትንንሽ አድርጎ በመደበቂያቸው አጠገብ የሚጣል። በረሮው በልቶት ተመልሶ በመኖሪያው ይሞታል፤ ሌሎቹ ኩሱንና ሬሳውን ሲበሉ እነሱም ይሞታሉ። በማሸጊያው ላይ ፊፕሮኒል ወይም ኢንዶክሳካርብ የሚል ይፈለግ። ዋናው ማስጠንቀቂያው፣ ጄል በተደረገበት ቦታ ፍሊት ፈጽሞ እንዳይነፋ ነው፤ ፍሊቱ ያባርራቸውና ጄሉን ሳይበሉት ይቀራል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ጄሉ አይሠራም የሚል ሰው ብዙ ነው። መልስ 15 ሰውየውን ነጋዴ ነህ፣ ዕቃህን ልትሸጥ ነው የመጣኸው ብሎ ወረደበት። መልስ 14 ሻጭ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤ የሱቅ ስም አልጠራም፣ የተናገረውም እኛ ቤት ሠርቷል።

አሁን ወደ ክፉው ልምጣ። መልስ 16 ፍሳሽ ቀዳዳው ውስጥ የነቀዝ ኪኒን እንድጥል መከረኝ፤ ሁለት ፍሬ ጥዬ በጨርቅ ብደፍነው በማግስቱ አንድ በረሮ እንደማይተርፍ፣ እሱም አድርጎት ያውቃል። እህል ጎተራ ውስጥ የሚደረገውን ኪኒን ማለቱ ነው። መልስ 17 በንዴት ጻፈ፤ ቃሉ ሻካራ ቢሆንም ያን ጊዜ ሻካራ መሆን ነበረበት። መልስ 18፣ ማለትም ያው የመልስ 16 ሰው፣ እኔ ሞቻለሁ ወይ ብሎ ተከራከረ። ነርሷ በመልስ 19 ተመልሳ ነገሩን አስቀመጠችው። ኪኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙን የሚያረክስ ማርከሻ የለውም። ፍሳሽ ቀዳዳ ደግሞ ከምንም በላይ እርጥብ ነው። ቧንቧው ከጎረቤት ቧንቧ ጋር የተያያዘ ነው፤ በእኔ በኩል በጨርቅ የደፈንኩት ጋዝ በጎረቤቴ ደረቅ ሲፎን በኩል ወጥቶ ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል ሊገባ ይችላል። ይህን ስታነቡ ልብ በሉት። መልስ 16ና 18ን አወያዩ አንሥቷቸዋል፤ ቁጥራቸው ብቻ ነው ያለው። እኔም እዚህ ያነሣሁት ሌላ ቦታ ይህንኑ ምክር የሚሰማ ሰው እንዲጠነቀቅ ነው። ማላታይንም ከዚሁ ወገን ነው፤ ረጭቶ ምራቅ መዝረብረብ፣ ላብ፣ ትውከት፣ የዓይን ብሌን መጥበብ ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፣ ማሸጊያውንም ይዞ።

በመንገድ ላይ ስለሚሸጠው የበረሮ ጠመኔም በዚሁ ሰሞን ጥያቄ መጣ፣ በመልስ 20። ጠመኔ ይምሰል እንጂ ውስጡ መርዝ ነው፤ የእኔ ልጅ ደግሞ ጠመኔ ያየ እንደሆን ግድግዳ ላይ ሥዕል ይጀምራል። ቤታችን አይገባም።

መልስ 21 ከእስራኤል ነው፤ የጎንደር ልጅ፣ በልጅነቱ ከወለቃ የሄደ። እዚያም በጋ ሲገባ እነዚሁ ትልልቆቹ ከፍሳሽ እንደሚወጡ፣ ጁክ እንደሚሏቸው፣ ከተማው ማንሆሎቹን በየጊዜው እንደሚያስረጭ ጻፈልን። አንድ ሰው ቤቱን ብቻ ቢያጸዳ በረሮው መንገዱን ለውጦ በሌላው እንደሚመጣ የተረዳው እዚያ ነው። ስለ ወለቃ ሸክላም ትንሽ አወራ፤ ናፍቆት ነበረበት፣ ሁላችንም በደስታ አነበብነው።

ከዚያ መልስ 22፣ ሌሊት ጆሮዋ ውስጥ በረሮ የገባባት ሴት። እንጨትና ጥጥ ስትከት ወደ ውስጥ እንደገፋችው፣ ሐኪም ቤት ደርሳ እንደወጣላት ነገረችን። ነርሷ ሁለት መስመር ብቻ ጨመረችላት፤ ምንም ነገር አይከተትበት፣ ጆሮው ቁስል ወይም ፈሳሽ ከሌለው ለብ ያለ ዘይት ጠብ ማድረግ ነፍሳቱን ያፍነዋል፣ ማውጣቱን ግን ለሐኪም መተው። መልስ 23 ዶሮ አርቡ አለ። ዶሮ በረሮ መብላቷ እውነት ነው፤ ግን ዶሮ ማታ ትተኛለች፣ በረሮ ማታ ይወጣል።

መልስ 24 ላይ መምህሩ ተመለሱ። ስለ እንቁላሉ ነው የጻፉት፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። ሴቷ እንቁላሏን በተናጠል አትጥልም፤ 14 እስከ 16 የሚሆን በአንድ ጠንካራ ቡናማ ቅርፊት ውስጥ አሽጋ፣ በምራቋ አጣብቃ ካርቶን ጀርባ ትተዋለች። መርዙ ቅርፊቱን አያልፍም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈለፈላል፤ በቅዝቃዜ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬ ሁሉንም ብገድል ከሁለት ወር በኋላ ትንንሾቹ ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ አልሠራም ብዬ ተስፋ እንዳልቆርጥ፣ ሁለተኛ ዙር እንዳዘጋጅ መከሩኝ። ጓዳ ውስጥ ያከማቸናቸውን የዘይትና የቴሌቪዥን ካርቶኖች ስናወጣ ሰባት ቅርፊት አገኘን። እናቴ ካርቶን መጣል አትወድም፤ እንቁላሉን ስታይ ግን ራሷ ተሸክማ አወጣችው። ካርቶኑን በተመለከተ መልስ 1 ያለው እውነት እንዳለበት እቀበላለሁ፤ ቤቱ ንጹሕ ነበር፣ መደበቂያው ግን ብዙ ነበር።

መልስ 25 የወጥመድ ዘዴ ሰጠች፦ የማርማላታ ብርጭቆ፣ ከአፉ በታች በውስጥ በኩል ቫዝሊን ተቀብቶ፣ ሥሩ ላይ በአተላ የራሰ ዳቦ። ሽታው ይጠራቸዋል፣ ቫዝሊኑ መውጣት ይከለክላቸዋል። ያለ ምንም መርዝ! ለአስም ቤት ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ሁሉንም ይጨርሳል ማለት አይደለም፤ እየቀነሱ መሆኑን ለማወቅ ግን ይጠቅማል። ጠዋት ጠዋት ቆጥሬ የሳሙና ውኃ ውስጥ እደፋቸዋለሁ።

መልስ 26 እና 27 ስለ አከራይ ነበሩ። አንዱ፣ ቧንቧ የባለቤቱ ኃላፊነት ነውና ኪራዩን እንድይዝ፤ ሌላው፣ እንዲህ ካደረግኩ በወሩ ቤት እንደምፈልግ። እኛ የመረጥነው ሌላ ነው። ባለቤቴ የሳህኑን ፎቶ ይዞ አከራያችን ጋ ሄደ፤ ጋሼ ለሰው ነገር ቶሎ የሚቆጡ ሰው ናቸው፣ ፎቶውን ሲያዩ ግን እሳቸውም ቤት በረሮው እንዳስቸገራቸው ተናገሩ። ሲሚንቶውን እሳቸው ገዙ፣ ጉልበቱ የኛ ሆነ። መልስ 28 ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ነው፤ በእነሱ ሕንፃ አንድ መግቢያ የሚጋሩት ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ጄል አድርገው ቀዳዳቸውን እንደደፈኑ፣ የነገሩም መነሻ እድር ላይ የተነሣ ወሬ እንደነበር ገለጸ። እኛም ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ሦስት ቤተሰቦች አነጋገርን፤ ሁለቱ እሺ አሉ፣ ሦስተኛዋ እኔ ቤት በረሮ የለም አለች። ሳህኑን አውሰናት፣ በማግስቱ ወንፊት ሽቦ ልትገዛ ቅዳሜ ገበያ ወረደች።

በመልስ 29 የመልስ 1 ሰው ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ምግብ ካልተከደነ ይህ ሁሉ ከንቱ እንደሆነ ደገመው። መልስ 30 በጣም ስለተናደደ የጻፈውን እዚህ አላስገባውም።

መልስ 31 ትናንት ነው የመጣው፤ አዘዞ የምትኖር እህት፣ ክረምቱ ሲገባ ጉድጓዱ ሞልቶ በረሮው ሁሉ ወደ ቤት እንደሚሸሽ ካለፈው ሐምሌ አስታውሳ፣ እኛ ምን እንዳዘጋጀን ጠየቀችኝ። ለእሷ የመለስኩትን እነሆ። አሁን ሰኔ ገብቷል። የኮሪደሩ ቀዳዳ ውኃና ዘይት አለው፣ ሽቦም ታስሮበታል። የሴፕቲክ ታንኩ ክዳን ተመርጓል። ጄሉን በሚያዝያ መጀመሪያ አድርገን፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ደገምነው፤ መምህሩ እንዳሉት ትንንሾቹ በዚያው ሰሞን ነው የታዩት። የብርጭቆው ወጥመድ በመጀመሪያው ሳምንት በየሌሊቱ ሦስት አራት ይይዝ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት በጠቅላላው አንድ። ፍሊት ከመጋቢት ወዲህ ቤታችን አልገባም፤ ልጄ ማታ ማታ ማሳሉ ቀንሷል፣ ክትትሉ ግን እንደቀጠለ ነው። የቀረን የውጭ በራችን ሥር ያለው ክፍተት ነው። ጎማ የሚመታልን አናጢ ለሐሙስ ቀጥረናል፣ ዝናቡ ሳይከብድ። እስከዚያ በየማታው በሩ ሥር እርጥብ ጆንያ አጣጥፌ እከታለሁ፣ ሳህኑንም በኮሪደሩ ቀዳዳ ላይ እደፋለሁ።